እርስዎ ይቅደሙ

ጨዋነት ሰው ይገድላል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሰው የሚገድለው ብልግና ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ዛሬ ግን ድግስ ቤት በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሲገፋፉ ማየት አልችልም። ነውር ባይሆን ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዤ ባስገባቸው ደስ ይለኛል። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አብራሪ ነኝ። «ሴት ልጅ?» ብላችሁ ቅንድባችሁን ያነሳችሁ ካላችሁ መልሱት፤ ገና ብዙ ወሬ አለብን። አውሮፕላኔ ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም። ክንፏ ከመቀመጫዬ በታች ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ጎን በደንብ ያሳየኛል፤ ከሆዷ ሥር ያለውን ግን አላይም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

በዚያ ዓመት ፎገራ ላይ ሩዙ ፍሬ ይዞ ማጎንበስ ሲጀምር ግሪሳ ወረደበት። ግሪሳ ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት። አንዷን ብታዩአት ታሳዝናለች፤ በመንጋ ስትመጣ ግን የሰው ዓመት ልፋት በአንድ ቀን ትጨርሳለች። ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ ቢከላከልም ከአንዱ ማሳ ተነሥታ የጎረቤቱ ላይ ትሰፍራለች። መላው፣ የምታድርበትን የሐይቅ ዳር ደንገል አግኝቶ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከአየር መርጨት ነው። ለዚህ ሁለት አውሮፕላን ተላከ። አንዷ የእኔ ስትሆን፣ ሌላዋ የወፉን ማደሪያ እየዞረች የምትፈልግ ባለ አራት መቀመጫ ናት። የእሷ ክንፍ ከጣራዋ በላይ ነው የተዘረጋው። ውስጧ የተቀመጠ ሰው ታች ያለውን ሁሉ ያያል፤ በላዩ ያለውን ግን ክንፉ ይጋርደዋል።

እሷን የሚያበሩት ጋሽ ሳህሉ ነበሩ። ማብረር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቆጡ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አውሮፕላን መሬት ላይ እንደ ጆንያ ጥዬ ስወርድ «ደግ ነው ልጄ፤ እሷ ግን አልወደደችውም» ብለው ፈገግ የሚሉ ሰው ነበሩ። እኔም አባቴን የማከብረውን ያህል አከብራቸው ነበር።

ያረፍንበት ሜዳ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ወደ ጣና ሲጠጉ ያለ ጠንከር ያለ የግጦሽ መሬት ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያው ቁሐር ነው። በልጅነቴ ጭቃ ያቦካሁበት አገር ላይ በአውሮፕላን ሳርፍ የተሰማኝን ኩራት አልደብቃችሁም። ሜዳው ላይ ግን የመቆጣጠሪያ ማማ የለም፤ መብራትም የለም። «አንቺ ቆይ፣ አንተ ግባ» የሚል ሰው የለም። ያለው ሬዲዮና ዓይን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አብራሪ ሁሉ ማንነቱን፣ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ በሬዲዮ ይናገራል። ሌላው ይሰማል። ሜዳውን ወደ ግራ እየዞርን እንወርዳለን፤ ከፊትና ዝቅ ብሎ ያለው ይቀድማል። ሕጉ አጭርና ግልጽ ነው።

ምድር ላይ የነበረን ሰው አያሌው ብቻ ነው። አያሌው ከብት ከሜዳው እንዲያርቅልን የቀጠርነው የሰፈሬ ገበሬ ነው። ጅራፉን ሲያጮኸው እስከ ወረታ መንገድ ይሰማል ይባልለታል። ሬዲዮ አልሰጠነውም። «ከብት ከገባብህ ጋቢህን አውለብልብ፤ እኛ ሳናርፍ ወደ ላይ እንነሣለን» አልነው፤ በዚሁ ተስማማን። ለዚህች ምልክታችን ሁላችንም ኋላ ብዙ ከፈልን።

የዚያን ቀን ማደሪያውን የሚያመላክተው ባለሙያ ወባ ጣለው። ጋሽ ሳህሉ «ይህን ደንገል አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ማን አለ?» ብለው ሲጠይቁ አያሌው ሳያመነታ «ቄስ ፈንታ ናቸዋ!» አለ። ቄስ ፈንታ አባቴ ናቸው። ለቅዳሴም ለቀብርም ሜዳውን በክረምት በታንኳ፣ በበጋ በእግር ሲያቆራርጡ የኖሩ ናቸው። ሸሽ ከምንለው፣ ውኃ ከሸሸበት ረግረግ የትኛው ላይ ወፍ እንደሚያድር ያውቃሉ።

አባቴ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። አውሮፕላኗን ዞረው ዞረው አዩአት።

«እች ናት የምታወጣኝ?» አሉ።

«እሷ ናት አባባ። ከፈሩ ይቅር።»

«ምን ያስፈራኛል? የሚካኤልን ጣራ ከላይ ሳላይ ብሞት ነው የሚቆጨኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኒህ ሰውየ ደኅና ነጅ ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«እሱማ ነው ያሳሰበኝ» አሉና ሳቁ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አውሮፕላኗ በር ላይ «ይግቡ»፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ቆዩ። ቆሜ ሳቅሁባቸው። የእግዜር ያለህ፣ ቆሜ ሳቅሁ!

እነሱ ቀድመው ተነሡ። ማደሪያውን አገኙት፤ በሬዲዮ ነገሩኝና ሄጄ ረጨሁ። ግሪሳው ከደንገሉ እንደ ጢስ ተነሥቶ በመስታወቴ ላይ ይፈርጥ ነበር። ደሙ ፊቴን ጋረደኝ። በመስታወት ማጠቢያው ውኃ እያጠብሁ፣ በተረፈችኝ የመስታወት ክፍተት እያየሁ ታንኩን ጨረስሁና ወደ ሜዳው ተመለስሁ። ጀምበር ጣናን ልትነካ ደርሳለች። መብራት በሌለበት ሜዳ ላይ እሷ ከገባች ማረፊያ የለንም።

አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያርፈው። ማታ ማታ ነፋሱ ከጣና ስለሚመጣ በወረታ በኩል ዞረን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጀምበሯ ነው የምንወርደው። ከሜዳው ደቡብ ወደ ወረታ እየበረርሁ ያለሁበትን በእንግሊዝኛ ተናገርሁ። የሬዲዮው ወግ በእንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ሳህሉም መለሱ፤ እዚያው መስመር ላይ ከእኔ ፊት፣ ትንሽ ዝቅ ብለው ነበሩ። አየኋቸው። በሕጉ እሳቸው ቀዳሚ፣ እኔ ተከታይ ነበርን። እዚያ ላይ ብንተወው ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ።

ጋሽ ሳህሉ ወደ አማርኛ ገቡ። ሰማዩ ላይ ከሁለታችን በቀር ማንም ስላልነበረ ነው።

«ትርንጎ፣ ስትረጪ ከላይ ሲያዩሽ መስታወትሽ ደም በደም ነው አሉ አባትሽ። አንቺ ቅደሚ። እኔ ሰፋ አድርጌ እዞራለሁ።»

አያችሁ፣ በእንግሊዝኛ «ቁጥር ሁለት ነኝ፤ እርስዎን እከተላለሁ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ያ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። በአማርኛ ሲሆን ግን የሚያነጋግሩኝ ጋሼ ናቸው፤ የምመልሰውም እኔ፣ የቄስ ልጅ ነኝ።

«ኧረ አይሆንም ጋሼ! አባቴንም ይዘዋል፤ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ቅደሚ ብያለሁ ልጄ።»

«ሞቼ እገኛለሁ! እርስዎ ይቅደሙ።»

«በይ እንጂ፣ ጀምበሯ ገባች እኮ።»

ይህን ስንባባል ሁለታችንም ሌላውን ለማሳለፍ እየሰፋን፣ እየሰፋን ወደ ወረታ ተገፋን። ነዳጄን ለማየት ወደ መለኪያው ስመለከት ከዓይኔ ጠፉ። ዝም ተባለ። እኔም በልቤ «ሦስቴ ከለመኑኝ በኋላ እንቢ ማለት ንቀት ነው፤ እሺ ልበላቸው» አልሁ። ሬዲዮዬን ተጭኜ «እሺ ጋሼ፣ እኔ ልቅደም፤ እየዞርሁ ነው» አልሁና ወደ ሜዳው ዞርሁ። መልስ አልመጣም። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርሁት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ያን ቀን ነቀዘ።

ጀምበሯ ሙሉ በሙሉ ዓይኔ ውስጥ ናት። በደም በተለበጠው መስታወት ላይ ብርሃኗ ተበትኖ ፊቴ ያለው ሁሉ ቀይ ሆነ። ወደ ቀኝ አየሁ፣ ወደ ኋላ አየሁ፤ ጋሽ ሳህሉ የሉም። ሰፋ አድርገው እየዞሩ ነው ብዬ ወረድሁ። ሜዳው ቀረበ። ያን ጊዜ ነው ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ሲውለበለብ ያየሁት። አያሌው ነው። ጋቢውን እየዘለለ፣ እየወደቀ፣ እንዳበደ ሰው ያወናጭፋል።

ከብት ገብቷል ማለት ነው። ሞተሬን ሙሉ ኃይል ሰጥቼ መሪዬን ሳብሁ።

ከብት አልገባም። አያሌው ያየው ሁለት አውሮፕላን አንዱ ባንዱ ላይ ሆነው ሲወርዱ ነው፤ እኔ ከላይ፣ እነሱ ከሥሬ። ምን ያድርግ? ያስተማርነው አንዲት ምልክት ናት፤ እሷኑ ሰጠ። ከሥሬ ያሉት ጋሽ ሳህሉም ምልክቷን አዩ። እሳቸውም እንደተስማማነው ወደ ላይ ተነሡ። የእሳቸው ቀላል ናት፤ ከእኔ ቶሎ ወጣች።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ አይደለም። ከመቀመጫዬ ሥር የሆነ ነገር እንደ በሬ ወግቶ አነሣኝ። ቀጥሎ የብረት ጩኸት መጣ፤ ሰው ሲታረድ የሚያወጣው ዓይነት ነው፤ ሌላ የሚመስለው የለም። ፕሮፔለሬ የሆነ ነገር ቆረጠ፣ ደግሞ ቆረጠ፤ የተቆራረጠ ቆርቆሮ በጎኔ በኩል ሲበር አየሁ። ነጭ ክንፍ፣ የእነሱ ክንፍ፣ ከእኔ ፊት ብድግ ብሎ ተገለበጠ። አባቴ እዚያ ውስጥ ናቸው። ያሰብሁት ይህን ብቻ ነው። «አባቴን ገደልሁት» ብዬ ጮህሁ፤ ሬዲዮውን ተጭኜ ይሁን ሳልጫን አላውቅም። ከዚያ ሰማዩ ከታች ሆነ፤ ሩዙ ከላይ መጣ።

ስነቃ ተዘቅዝቄ በቀበቶዬ ተንጠልጥያለሁ። ጭንቅላቴ ጭቃ ውኃ ውስጥ ነው። አንገቴን ቀና ሳደርግ አፍንጫዬ ይወጣል፣ ሲደክመኝ ይገባል። ከተሰበረው ታንክ ግርጌ የተራረፈው መድኃኒት በደረቴ በኩል እየወረደ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በርበሬ አይደለም፣ እሳት አይደለም፤ ዓይኔን በጥፍር የሚያወጣው ሰው ያለ መሰለኝ። ቀበቶውን ስፈታ እንቢ አለኝ። ክብደቴ በሙሉ እሱ ላይ ነው። ጭቃ ዋጥሁ። እየተንፈራገጥሁ የጎን መስታወቱን በክርኔ መታሁት፤ ክርኔ ሲሰበር ተሰማኝ እንጂ መስታወቱ አልተሰበረም።

ውጭ የሰው ድምፅ መጣ። ለከብት ሣር ሲያጭዱ የዋሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ውኃውን እየሰነጠቁ ሮጡ። በሩን በድንጋይ ቀጠቀጡት። አንዱ በማጭዱ ቀበቶዬን ቆረጠውና ጭቃው ውስጥ በአናቴ ተደፋሁ። በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ዓይኔ አይገለጥም።

«አባቴስ?» አልሁ።

ጭቃውን ከአፌ ይጠርጉልኝ ጀመር።

«አባቴስ? ቄስ ፈንታስ?»

«ደኅና ናቸው» አለ አንዱ።

እናንተ ካገራችን ሰዎች አንደበት «ደኅና ናቸው» ስትሰሙ ምን እንደሚገባችሁ አላውቅም። እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ፤ መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። የሞተ ሰው ሁሉ መርዶው እስኪነገር ደኅና ነው። «ወዴት ናቸው? ውሰዱኝ!» ብዬ የያዘኝን ሰው ነከስሁት። በእውነት ነከስሁት፤ ለቀቀኝ። በጭቃው ላይ በጉልበቴና ባንድ እጄ ድምፅ ወደሰማሁበት መዳህ ጀመርሁ። ሩዙ ፊቴን ይቧጭረኛል። ቤንዚን ሸተተኝ።

ያን ጊዜ ጸሎት ሰማሁ። አቡነ ዘበሰማያት ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ደግሞ ይቀጥላል። የአባቴ ድምፅ ነው።

«አባባ!»

«አንች ነሽ? ተመስገን አምላኬ! ነይ ልጀ፣ ነይ ቶሎ፤ እጄ አልችል ብሎኛል።»

በእጄ እየዳበስሁ ደረስሁ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ አውሮፕላኗ በፊቷ ጭቃው ውስጥ ተተክላለች። ጋሽ ሳህሉን የተጨረመተው ብረት ከደረታቸው ጀምሮ ይዟቸዋል፤ ውኃው አገጫቸው ድረስ ደርሷል። አባቴ አንድ ትከሻቸው ወልቆ፣ ባንድ እጃቸው የሰውየውን ጭንቅላት ከውኃ በላይ ይዘው ቆመዋል። በሩ ተከፍቶላቸው ነበር፤ መውጣት ይችሉ ነበር፤ ግን አልወጡም።

ጭንቅላታቸውን ተቀበልሁ። ከባድ ነበር፤ ሞቃትም ነበር። ደማቸው በጣቶቼ መካከል ይወርዳል።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ሳህሉ።

«ትርንጎ ነኝ ጋሼ።»

«ደግ ነው» አሉ። ትንፋሻቸው ይንኮራኮራል። «እሷ ግን አልወደደችውም።»

ልስቅ ነው ልጩህ? ጮህሁ። ገበሬዎቹ ውኃውን በባሊና በጀሪካን እየቀዱ ብረቱን በመጥረቢያና በገጀራ ቆራረጡት። እያንዳንዱ ምት ደረታቸው ላይ ሲያርፍ በእጄ ይሰማኛል። በመጨረሻ ሲወጡ ያሰሙትን ድምፅ አልጽፈውም።

ቃሬዛ ሲሠራ ነው ጅራፍ የሰማሁት። መጀመሪያ አያሌው ከብት የሚያባርር መሰለኝ። ቀጥሎ የሰው ልጅ ጩኸት መጣ። «ያጋጫቸው እሱ ነው! ጋቢ ያውለበለበው እሱ ነው!» ይላል ሕዝቡ። አያሌውን በገዛ ጅራፉ እየገረፉት ነው። ዱላው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። «ማጭዱን አምጣው!» አለ አንዱ። አያሌው «ምልክቱ እሱ ነው! ምልክቱ እሱ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ሌላ ቃል የለውም።

አባቴ ከአጠገቤ ተነሡ። ያን ጊዜ ለመሄድ አቅም አልቀረላቸውም ነበር፤ ግን ሄዱ።

«ገዝቻለሁ!» ሲሉ ሰማኋቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቴ ወጥቶ አያውቅም። «በሚካኤል ገዝቻችኋለሁ! ዱላ የሚያነሳ፣ ድንጋይ የሚያነሳ፣ በእኔ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን! ምልክቱን ያስተማሩት እነሱ ናቸው፤ ልጀ ናት፤ እኒህ የሚሞቱት ሰውየ ናቸው። ልትመቱ ከሆነ እኔን ምቱ!»

ሰው እጁን ሰበሰበ። ከግዝት በላይ ማንም አይራመድም። አንድ ዱላ ግን ከግዝቱ ቀድሞ ተነሥቶ ነበርና አባቴ ጀርባ ላይ አረፈ። መቺው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

ወደ ወረታ፣ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ወሰዱን። ዓይኔ ታሸገ። ክርኔ ተጠገነ። ሆስፒታል ስተኛ ጠያቂው ሁሉ በገባ ቁጥር «ጋሽ ሳህሉስ?» እል ነበር። «ደኅና ናቸው፤ ተኝተዋል» ይሉኛል። ሐኪሙም እንዲሁ፣ አስታማሚዋም እንዲሁ። ዓይኔ ስለታሸገ ፊታቸውን ማየት አልችልም። እኔም እምነትና ጥርጣሬ እየተፈራረቁብኝ ተኛሁ።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በኮሪደሩ ብዙ እግር ሲመጣ ሰማሁ። ጫማው ቀስ ይላል። ማንም አይናገርም። ጎህ ሲቀድ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ከመጣ ምን እንደሆነ የማያውቅ አማራ የለም። ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ አይንገሩኝ» አልሁ።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙ። «ልጀ፣ ያን ለት መንገድ ላይ ነው ያረፉ» አሉኝ። ያን ሁሉ ቀን የደበቁኝ ሰዎች አብረዋቸው ቆመው ማልቀስ ጀመሩ።

ጮኼ ሲደክመኝ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ለምን ወረዱ? ቅደሚ ብለውኝ፣ እሺ ብያቸው፣ ለምን ከሥሬ ገቡ?»

«እሽ ማለትሽን መቼ ሰማን?»

«በሬዲዮ ተናግሬ የለ!»

አባቴ እጄን ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «እሳቸውም ያችን ሰዓት ነው የተናገሩ። 'እች ልጅ ከጸናች ጸናች ነው፤ ልግደርደር ብል ጀምበሯ ልትገባብን ነው' አሉኝ። ከዚያ ያን ነገር ተጭነው 'እሽ ልጄ፣ እኔ ልቅደም' አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ አንች ዝም ስትይ።»

ኋላ የመጡት መርማሪዎችም ይህንኑ አረጋገጡልኝ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሬዲዮውን ከተጫነ ሁለቱም ይናገራል፤ ማንም አይሰማም። እኔ የእሳቸውን ቃል አክብሬ እሺ ስል፣ እሳቸው የእኔን ልመና አክብረው እሺ ብለዋል። በአንዲት ትንፋሽ። መሐላችን ቆሞ «ሁለታችሁም ተናገራችሁ፤ ድገሙት» የሚል ሰው አልነበረም። ሁለታችንም ዝምታውን ይሁንታ አደረግነው።

ውድ አንባቢ፣ ብዙ ሰው «እግዜር ያዘዘው ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። አመሰግናለሁ፤ ግን አልቀበለውም። እግዜር መንገዱን በሕግ ሰጥቶን ነበር፤ ከፊት ዝቅ ብሎ ያለው ይቅደም ብሎ። እኛ ይሉኝታን ጨመርንበት። ዓይኔ ሲድን ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ዛሬ ከእኔ ጋር የሚበሩ ልጆች ጨካኝ ናት ይሉኛል። መቆጣጠሪያ በሌለበት ሜዳ ላይ ያለህበትን ሳትናገር፣ የሌላውን መልስ ሳትሰማ አትወርድም እላቸዋለሁ። መልስ ካልመጣ ዝምታው እሺታ አይደለም፤ ድገመው። የማታየው ሰው በአካባቢህ ካለ ቀጥ ብለህ አትነሣ፤ ወደ ጎን ውጣ። ሰማይ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» የሚል ቃል ከሰማሁ ያን ልጅ ከመቀመጫው ነው የማወርደው። አያሌውም ዛሬ ሬዲዮ አለው። ጀርባው ላይ ሰንበሩ አልጠፋም፤ ተቀይሞን ግን አያውቅም። ሁለት ሆነን ስንቀርብ «ሁለት ናችሁ! ተነጋገሩ!» ብሎ ሲጮህ ጆሯችን ሊደነቁር ይደርሳል። አባቴ ትከሻቸውን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ተነክረው ተነክረው ትንሽ ተሻላቸው፤ መስቀል የሚያነሱት ግን በሌላው እጃቸው ነው።

የጋሽ ሳህሉ ሙት ዓመት ባሕር ዳር ቤታቸው ሲወጣ ከአባቴ ጋር ሄድን። ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ድንኳኑ በር ላይ ተሰብስበው ነበር። ያ የምታውቁት ነገር ተጀመረ። «ይግቡ እንጂ።» «ኧረ በእግዚአብሔር፣ እርስዎ እያሉ!» «አባታችን ይቅደሙ።» «የለም፣ የለም።» ሰው ከኋላ ተገፋፋ፤ በሩ ተዘጋ። ባለቤታቸው በጥቁር ልብሳቸው ከውስጥ ቆመው እንግዶቻቸውን ይጠብቃሉ። ጆሮዬ ውስጥ ያ ብረት ጮኸ።

አባቴ እጄን ያዙ። ያን ሁሉ ካህን፣ ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ወደ ጎን አልፈው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ትርንጎ፣ ቅደሚ» አሉ።

የቄስ ልጅ ነኝና፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት አንዴ እንኳ «እርስዎ ይቅደሙ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። «እሺ፣ ገባሁ» አልሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ከኋላዬ «ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ሲባል ሰማሁ፤ አባቴም «የእኔ ልጅ ናት፤ ተከተሏት» ሲሉ ሰማሁ። ገብቼ የጋሽ ሳህሉን ባለቤት አንገት አቀፍሁ። በሩ ተለቀቀ፤ ሰውም ተራ በተራ ገባ።